ለቤት እባብ በሕይወት ያለች አይጥ ወይስ ከፍሪዘር የወጣች? ጥያቄና መልስ

በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ውስጥ ልጆች እባብ ማሳደግ ሲጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ ወላጆችን ከእባቡ ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ምግቡ ነው። ከዚህ በታች የደረሱኝን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። መልሶቼ በዋናነት በቤት ውስጥ በብዛት የሚያዙትን ሁለት ዝርያዎች፣ ማለትም የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካውን ቦል ፓይተንና የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካውን ኮርን ስኔክ የሚመለከቱ ናቸው። ሁለቱም መርዝ የላቸውም።

ጥያቄ፦ እባብ አድኖ የሚበላ ፍጥረት ነው። የሞተ ነገር መስጠት ተፈጥሮውን መንፈግ አይሆንም?

መልስ፦ እባቡ የሚከተለው ሙቀትን፣ ሽታንና እንቅስቃሴን ነው፤ አይጧ በሕይወት መኖሯ ለእሱ የተለየ ትርጉም ያለው አይመስለኝም። ቦል ፓይተን በከንፈሮቹ ዙሪያ ሙቀት የሚለዩ ጉድጓዶች ስላሉት፣ በጨለማ እንኳ ከአካባቢዋ የሞቀችን አይጥ ለይቶ ያውቃታል፤ በደንብ የሞቀች የሞተች አይጥም በረጅም መቆንጠጫ ተይዛ ስትወዛወዝለት ይነድፋታል፣ ተጠምጥሞም ያጠብቃታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በሚያስገርም መንገድ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በሞቱና በሞቁ አይጠ መጎጦች ውስጥ ሰው ሠራሽ የልብ ምት አስገብተው ለቦአ እባቦች ሰጧቸው፤ እባቦቹም ልቡ እስከመታ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ አጥብቀው ይዘው ቆዩ። በሕይወት ያለ እንስሳ ገድለው የማያውቁ፣ በሰው እጅ ያደጉ እባቦችም እንዲሁ አደረጉ። ስለዚህ የማደን ስሜቱ ስላልተጠቀመበት አይጠፋም። እባቡ ከተጠመጠመ በኋላ አይጧን በመቆንጠጫ ቀስ አድርገው ቢያነቃንቋት ይበልጥ ሲያጠብቅ ያዩታል። እኔ እንደምታዘበው፣ «ተፈጥሮውን እንዳንነፍገው» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ትዕይንቱን ማየት ከሚወድ ባለቤት ነው።

ጥያቄ፦ እባቡ አይጧን በቅጽበት የሚገድላት ከሆነ፣ በሕይወት መስጠቱ ምን ጭካኔ አለው?

መልስ፦ ለብዙ ጊዜ ተጠምጣሚ እባቦች ትንፋሽ አሳጥተው እንደሚገድሉ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ጭመቃው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የደም ዝውውርን እንደሚያቋርጥ በአይጠ መጎጦች ላይ ለክቶ አሳይቷል፤ ስለዚህ አያያዙ የተስተካከለ ከሆነ ሞቱ ፈጣን ነው። ችግሩ እባቡ በኋላ እግሯ በኩል የያዛት ወይም ጨርሶ ያልራበው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ አይጧ መሸሻ በሌለው ሳጥን ውስጥ በፍርሃት ትቆያለች።

በሌላ በኩል፣ የቀዘቀዘ አይጥ የሚሰጥ ሰው ሁሉ እጁ ንጹሕ ነው ብዬ ልናገር አልችልም፤ ያቺም አይጥ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው እጅ ተገድላለች። በአሜሪካ ብዙ አምራቾች በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገድላሉ፤ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ጋዙ በደቂቃ ከሳጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ በሚሆን ፍጥነት ቀስ በቀስ እንዲገባ ያዛል። በጥንቃቄ ከተሠራ አይጧ መጀመሪያ ራሷን ትስታለች፤ በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ያሠቃያል። እንግዲህ ከማን እንደሚገዙና እንዴት እንደሚገድሉ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሕይወት ያለችን አይጥ በቤት ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ መግደልን ግን ማንም እንዳይሞክረው፤ ቀስ ያለና የሚያሠቃይ ሞት ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ አይጥ እባብን ምን ልታደርገው ትችላለች?

መልስ፦ ልትበላው ትችላለች፤ ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። እባብ ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ሳጥኑ በቂ ሙቀት ከሌለው ሰውነቱ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም በቀላሉ አይርበውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተራበች አይጠ መጎጥ አብራው ካደረች ጀርባውን መቦጨቅ ትጀምራለች፤ የሚገርመውም ብዙ እባቦች ራሳቸውን አለመከላከላቸው ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ጡንቻው ተበልቶ የጀርባ አጥንቱ የታየ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ቁስሉ መግል የያዘ እባብ ይገጥማቸዋል። ሕክምናው አንቲባዮቲክና ብዙ ወራት ይጠይቃል፤ ከዳነም ጠባሳው ቆዳ በሚጥልበት ጊዜ ሁሉ ያስቸግረዋል። በመደበኛ አደን መካከልም ቢሆን አይጧ እስክትሞት ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ዞራ መንከስ ትችላለች። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው፦ ከፍሪዘር የወጣች አይጥ አትነክስም።

ጥያቄ፦ የቀዘቀዘችውን አይጥ እንዴት ላዘጋጃት?

መልስ፦ በዋዜማው ምሽት በፕላስቲክ ከረጢት እንዳለች ከፍሪዘር አውጥተው የሰው ምግብ በማይቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሯት። በማግስቱ ከረጢቱን በደንብ አሥረው በሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ውኃው የፈላ መሆን የለበትም። ሆዷን በጣት ሲጫኑት በረዶ የማይሰማ ከሆነና የሰውነቷ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ተዘጋጅታለች፤ ለቦል ፓይተን በተለይ ጭንቅላቷን ትንሽ ሞቅ ማድረግ ይረዳል። በማይክሮዌቭ በፍጹም አያሙቋት፤ ከፊሏ ሲበስል ከፊሏ በረዶ ሆኖ ይቀራል፣ ሆዷም ይፈነዳል። እባቡ ካልበላት በማግስቱ ትጣል እንጂ ወደ ፍሪዘር አትመለስ።

ጥያቄ፦ መጠኗስ?

መልስ፦ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል ጋር የምትመጣጠን ትሁን። ገና የተፈለፈለው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል፣ ያደገው ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አይነካ፤ አለዚያ ሊያስመልሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ በርበሬና ሽሮ የሚቀመጥበት ፍሪዘር ውስጥ አይጥ አይገባም ብላለች። በረዶ ውስጥ የቆየ ነገር ጀርሙ ይሞት የለም እንዴ?

መልስ፦ እናትህ ትክክል ናቸው። ማቀዝቀዝ ብዙ ጥገኛ ተውሳኮችን ይገድላል፤ ይህ የቀዘቀዘ አይጥ አንዱ ጥቅም ነው። ሳልሞኔላን ግን አይገድልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2014 ሰዎችን ያሳመሙ የሳልሞኔላ ወረርሽኞች ምንጫቸው ሲፈተሽ ለእንስሳት ምግብነት የሚሸጡ የቀዘቀዙ አይጦች ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ትንሽ የተለየች ፍሪዘር ግዛ፤ አይጧን የምታቀልጥበት ዕቃ ለሌላ ነገር አይዋል፣ የወጥ ቤቱን ማጠቢያም አትጠቀም፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። በቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ካለ አይጧንም እባቡንም እንዳይነካ ማድረግ ግዴታ ነው፤ በዕድሜ ለገፉና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎችም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ቦል ፓይተን በሕይወት ያለ ብቻ ነው የሚበላው። እንዴት ላስለምደው?

መልስ፦ ይህ በጣም የተለመደ ችግር ነው፤ ቦል ፓይተን ምግብ በመምረጥ የታወቀ እባብ ነውና። መጀመሪያ ምግቡን ሳይሆን መኖሪያውን ይመርምሩ፦ ሞቃቱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይደርሳል ወይ? ሰውነቱን ገጥሞ የሚይዝ ጠባብ መደበቂያ በሁለቱም ጎን አለው ወይ? በየቀኑ ይነካካል ወይ? የሚፈራ እባብ በሕይወት ያለችውንም አይበላም።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ የሚበላት አይጠ መጎጥ ከነበረች አይጠ መጎጥ፣ ትንሿ አይጥ ከነበረችም እሷኑ ይስጡት እንጂ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለውጡበት። ብዙዎች በመካከል አዲስ የተገደለች አይጥ ይሰጣሉ፤ ሙቀቷና ሽታዋ ገና አልጠፋምና ሽግግሩን ያቀልላል። ምግቡን ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ያቅርቡ፣ አይጧን በመደበቂያው በር ፊት ቀስ ብለው ያንቀሳቅሷት፤ አፍንጫው ላይ አይግፏት፣ እንደ ጥቃት ይቆጥረዋልና። እምቢ ካለ በሩ ላይ ትተውለት ይደሩ፤ አንዳንዶቹ የሚበሉት ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ደግመው አይሞክሩ። ያደገ ጤናማ ቦል ፓይተን በተለይ በመራቢያ ወራት ለረጅም ጊዜ ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ ባለቤቱ ነው የሚጨነቀው። በየሳምንቱ በሚዛን ይመዝኑት፤ ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ግን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ምድር ቤታችን በወጥመድ የምትያዘውን አይጥ ብሰጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። የአይጥ መርዝ በልታ ሊሆን ይችላል፤ መርዙም ወደ እባቡ ይሻገራል።

ጥያቄ፦ በሕይወት ያለ እንስሳ መስጠትን የሚከለክል ሕግ አለ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ይለያያል። በስዊዘርላንድ ደንብ፣ እባቡን በሞተ ምግብ መመገብ የሚቻል እስከሆነ ድረስ በሕይወት ያለ መስጠት አይፈቀድም። በእንግሊዝ በቀጥታ የሚከለክል አንቀጽ ባይኖርም፣ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በሰው እጅ ያለችውን አይጥም ስለሚጠብቅ ባለቤቱ ሊጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ከምግቡ በፊት እባቡ ራሱ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በሃዋይ ለምሳሌ እባብ ማሳደግ ጨርሶ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ ራስዎ በሕይወት ያለ የሚሰጡበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ገና የተፈለፈለ እባብ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ አልበላም ሲል። ያን ጊዜ የምሰጠው ዓይኗ ያልተገለጠ፣ ፀጉር ያላወጣች ግልገል አይጥ ነው፤ እሷ ልትነክሰው አትችልም። ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልያዛት አወጣታለሁ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከበላ በኋላም የሞተችውን እሞክርለታለሁ። ለአደገ እባብ ያደገች አይጠ መጎጥ በሕይወት ማስገባትን ግን አልመክርም። በጉሮሮ አስገድዶ ማብላትም የሐኪም ሥራ ስለሆነ በቤት ውስጥ አይሞከርም።