ያ ልጅ ለእናቱ ምን ብሎ ተረጎመ?

ልጁ 11 ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱን ይዞ ከገጠር ሐረርጌ መጣ። እሷ የምትችለው ኦሮምኛ ብቻ ነው፤ እሱ ትምህርት ቤት የለቀማት አማርኛ አለችው። እኔ ሐኪም ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ኦሮምኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። ቆሜ፣ ፋይሉን በእጄ እንደያዝኩ፣ የማሕፀን በር ካንሰር መሆኑን፣ መግፋቱን፣ ያን ጊዜ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለሆነ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባት አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ለልጁ ነገርኩት። «ንገራት» አልኩት።

ልጁ ዝም አለ። መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለት ቃል ተናገረ። እናትየው ፊቷ በራ፣ መረቀችኝ፣ ሄዱ።

አጠገባችን አልጋ ላይ ቁስል ስታጥብ የነበረች ነርስ ሥራዋን ስትጨርስ መጣችና «ዶክተር፣ ልጁ ምን እንዳላት ታውቃለህ? 'ኒ ፈይታ' ነው ያላት» አለችኝ። ትድኛለሽ ማለት ነው። ወደ በሩ ሮጥኩ። የሉም። ከሁለት ወር በኋላ ታላቅ ልጇ ይዛት ተመለሰች። የሪፈር ወረቀቱ በልጁ ደብተር መሀል ተጣጥፎ ነው የተገኘው።

በዚያ ልጅ ፈጽሞ አልፈርድም። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሳናግር አይቶኝ አያውቅም ነበር። መርፌ ስወጋ ታይቻለሁ። ስሰፋ ታይቻለሁ፣ እጄ ተይዞ ታርሟል። ስናገር ግን ማንም አላየኝም። ዛሬ ኢንተርን ወይም ሬዚደንት ሆናችሁ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ሁኑ ድሬ ዳዋ ድል ጮራ፣ ከሥራችሁ ሲ-ዋን (ሆስፒታል ውስጥ መማር የጀመሩ የሕክምና) ተማሪዎች ይከተሏችኋል። ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። እነሱ የሚማሩት ከእናንተ ነው።

ታካሚ ማናገርን «ሶፍት ስኪል» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ነገሩን ያቀለዋል። ለስላሳ ሲባል ትርፍ ይመስላል፣ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው ነገር በጤና ሚኒስቴር ዕቅድ ውስጥ ገብቷል፤ በየግድግዳው ላይም ታነቡታላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ፖስተር አንብቦ ደም ሥር ውስጥ ካኑላ ማስገባት የተማረ ሰው አላየሁም፤ ማናገርም እንደዚያው ነው። ደግሞ ምርመራው ራሱ እዚሁ ውስጥ ነው ያለው። በ1975 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በታተመ አንድ ጥናት ከ80 አዲስ ታካሚዎች በ66ቱ ላይ ሐኪሞቹ የሪፈር ደብዳቤውን አንብበው ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ብቻ ወስደው የደረሱበት የበሽታ ግምት ከመጨረሻው ውጤት ጋር ገጥሟል። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ታካሚውን በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ያቋርጡ ነበር። 18 ሴኮንድ! የኛ አገር እናት ሰላምታዋን እንኳ አትጨርስበትም።

እና እንዴት ታስተምሩ? ሌክቸር አይሠራም። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መድቧቸው። አንዱ ታካሚውን ያናግር፤ ሌላው ፋይል ሳይዝ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይይ። ሲጨርሱ ለተመልካቹ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡለት፦ ታካሚው መጀመሪያ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ምን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ያናገረው ልጅ ረስቶታል፣ ያየው ያስታውሰዋል። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው፣ መድኃኒት አስረድታችሁ ስትጨርሱ «ገባዎት?» አትበሉ። «አዎ» ነው የሚሏችሁ፤ ይሉኝታ አለ። «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» በሉ። ያን ጊዜ የገባውም ያልገባውም ይወጣል።

ስለ ጫት አጠያየቅም አንድ ነገር ልበል። ከሐረር ድሬ ስትወርዱ አወዳይን ታልፋላችሁ፣ ጫት እዚህ ኑሮ ነው። ደም ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰውዬን ፊታችሁን አኮሳትራችሁ «ትቅማለህ?» ካላችሁት «አልቅምም» ይላችኋል፤ አለቀ። «በርጫ (ጫት ለመቃም) ስትቀመጥ ስንት ሰዓት ትቆያለህ? ማታ እንቅልፍ ይወስድሃል?» ያለው ተማሪ ግን ሁሉንም ያገኛል፣ መድኃኒቱን የሚዘልበትን ሰዓት ጭምር። «አንተ» ማለቴን አትገረሙበት፤ በኛ በኩል ትልቁም ትንሹም አንተ ነው የሚባባለው፣ ንቀት አይደለም። ከሌላ አገር የመጡ ልጆች መጀመሪያ ይደነግጣሉ። ታካሚውን የሚያስከፋው «ያቺ ቤድ 7» ሲባል መስማት ነው።

ቋንቋ ደግሞ ተማሩ። ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በአንድ ቀን ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ትሰማላችሁ፣ ተመላላሽ ክፍሉም እንደዚያው ነው። በኦሮምኛ «ማልቱ ሲ ዱኩባ?» ብላችሁ ምን እንደሚያማት ስትጠይቋት የሴትየዋ ትከሻ እንዴት እንደሚላላ ታያላችሁ። በሶማሊኛ «ኢስካ ወረን» ብሎ ሰላም ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከባድ ነገር ሲሆን ግን በተሰባበረ ቋንቋ አትሞክሩ፤ ነርስ ጥሩ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ። ሕፃን ልጅ በፍጹም።

መጥፎ ዜና ስለመንገር ተማሪዎች ስድስት ደረጃ ያለውን ስፓይክስ የሚባል መመሪያ ለፈተና ይሸመድዳሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፣ ጠቃሚም ነው። ግን ልጆቼ፣ እኛ እኮ መርዶ እናውቃለን! መርዶ በስልክ አይነገርም። በመንገድ ላይ አይነገርም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቀረብ ያለ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ከአጠገቧ የሚይዛት ሰው ይቀመጣል፤ ከተነገረም በኋላ ማንም ተነሥቶ አይሄድም። ቦታ መምረጥ፣ ሰው ማዘጋጀት፣ አብሮ መቆየት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። እናታችን ጎረቤት ስታረዳ ያየነውን ጋውን ስንለብስ በር ላይ ጥለነው እንገባለን። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ቤተሰብ «ለሷ እንዳትነግሯት» ሲል ዝም ብላችሁ አትታዘዙ፣ ግን ደግሞ አትጣሉ። ታካሚዋን ለብቻ ጠይቋት፦ ሁሉን ማወቅ ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ ለማን እንንገርልሽ? መልሱ የሷ ነው።

ደግሞ እናንተም ታዩ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «እኔንም እዩኝ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። ለመናገር ይፈራሉ፣ ወራት ይፈጃል። አንድ ቀን አንዲት ሲ-ዋን ልጅ ከራውንድ በኋላ ኮሪደር ላይ ጠብቃኝ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «ዶክተር፣ ሴትየዋ ማልቀስ ስትጀምር እርስዎ ፋይል መግለጥ ጀመሩ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ያህል ዓመት ሠርቼ፣ ያ ፋይል አሁንም እጄ ላይ ነበር። አመሰገንኳት። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ልናገር ስገባ ፋይሉን በር ላይ ለሷ ወይም ለጓደኞቿ እሰጣለሁ፣ ወንበር እስባለሁ፣ ባዶ እጄን እቀመጣለሁ።