ለመብረቅና ለክረምት ሰማይ 80ዲዬን ሽጬ ሚረርለስ ልግዛ ወይ ላለሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ካኖን 80ዲ ከ18-135 ሌንስ ጋር አለሽ፤ ክረምቱ ሳያልፍ መብረቅ፣ ደመናና ዝናብ የጠገበ ተራራ ማንሳት ፈልገሻል፤ ጓደኞችሽ ደግሞ «ዲኤስኤልአር አብቅቶለታል፣ ሽጪው» ብለውሻል። ዲኤስኤልአር እንደ 80ዲ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው፣ ሚረርለስ ደግሞ መስታወት የሌለው። እኔ ሁለቱንም ዓይነት ዝናብ ውስጥ ይዤ ወጥቻለሁ፣ አሁንም ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ለዚህ ሥራ ብለሽ ከሆነ አትሽጪው።

ጓደኞችሽ ከሜዳ ተነስተው አይደለም ያሉት። ካኖንም ኒኮንም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ለአንቺ ግን ይሄ ይጠቅምሻል፤ ሰው ወደ ሚረርለስ ሲሄድ ያገለገለ ጥሩ ሌንስ ገበያ ላይ ይወጣል።

መጀመሪያ የማታ መብረቅ። ማታ መብረቅ አይተሽ አይደለም የምትጫኚው፤ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ከፍተሽ መብረቁ ራሱ እስኪገባልሽ ትጠብቂያለሽ። ትሪፖድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሻተር ከ10 እስከ 20 ሰከንድ። ብልጭታው ቅርብ ከሆነ አፐርቸሩን ወደ 11 አጥብቢው፣ ሩቅ ከሆነ ወደ 5.6 ክፈቺው። ሎንግ ኤክስፖዠር ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን (ረጅም ፎቶ ላይ የሚወጣውን ነጠብጣብ የሚያጸዳውን) አጥፊ፤ አለበለዚያ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ ትልቁ መብረቅ ደግሞ ያኔ ነው የሚመጣው። 80ዲ የራሱ ባልብ ታይመር (ሻተሩን ለፈለግሽው ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ) እና ኢንተርቫል ታይመር (በየተወሰነ ጊዜ ራሱ የሚያነሳ) ስላለው ሪሞት እንኳ ሳትገዢ ትጀምሪያለሽ።

ፎከሱስ? ጨለማ ውስጥ በኦፕቲካል ቪውፋይንደር (ዓይንሽን አስጠግተሽ በምታዪበት መስኮት) ምንም አይታይም፣ ሚረርለስ የሚወደደውም አንዱ ለዚህ ነው። ግን አንቺም ሊቭ ቪው አለሽ። ሊቭ ቪው ስትከፍቺ መስታወቱ ይነሳል፣ ምስሉም ከሴንሰሩ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ በዚያች ሰዓት ካሜራሽ በሥራው ሚረርለስ ነው ማለት ይቻላል። ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ፈልጊ፣ 10 እጥፍ አጉይው፣ ነጥቡ እስኪጠራ አስተካክዪ፣ ከዚያ ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይረሽ አትንኪው። እንዲያውም ብዙዎቹ የሚረርለስ ሌንሶች ፎከሳቸው በሞተር ብቻ የሚዞር ስለሆነ ካሜራውን አጥፍተሽ ስታበሪ ያስተካከልሽው ቦታ ሊጠፋ ይችላል።

ሚረርለስ በግልጽ የሚበልጥባቸው ቦታዎች አሉ። የኦሊምፐስ (አሁን ኦኤም ሲስተም) ካሜራዎች ላይቭ ኮምፖዚት የሚባል ነገር አላቸው፤ መጀመሪያ ካነሳው ፎቶ ላይ አዲስ የመጣውን ብርሃን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። ከእንጦጦ ወደ ከተማው ስታነሺ የአዲስ አበባ መብራት ሳይቃጠልብሽ አምስት ስድስት መብረቅ አንድ ፎቶ ላይ ትሰበስቢያለሽ። በእኔ አስተያየት ለመብረቅ ብቻ ሚረርለስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይሄንን ነው። በዲኤስኤልአር ግን ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ «ላይትን» በሚለው ሞድ (ከየፎቶው ደማቁን ብቻ በሚይዘው) ብትደራርቢ ያው ውጤት ይመጣል፤ ሥራው ብቻ ነው የሚበዛው።

ሌላው የቀን መብረቅ ነው። ካኖን አር7 ላይ ሻተሩን ሙሉ በሙሉ ከመጫንሽ በፊት የነበረችውን ግማሽ ሰከንድ ጭምር ቀድቶ የሚያስቀምጥ ሞድ አለ። ሲሰሙት ለመብረቅ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ ያ ሞድ የሚሠራው በኤሌክትሮኒክ ሻተር ነው። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚያነብ ብልጭታው ከመሃል ይገባና ግማሹ ሰማይ በርቶ ግማሹ ጨልሞ ይወጣል። እንደ ኒኮን ዜድ8 ያሉት ፈጣን ሴንሰር ስላላቸው ይህ ችግር በጣም ይቀንሳል፣ ዋጋቸው ግን ሌላ ወሬ ነው። አንቺ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት) ግዢ፤ የደመናውን ብርሃን ቀንሶ አንድ ሁለት ሰከንድ ሻተር ይሰጥሻል፣ ከዚያ ሪሞት ካለሽ ቆልፈሽ፣ ከሌለሽም በኢንተርቫል ታይመሩ፣ በተከታታይ ማንሳት ነው።

ባትሪ ላይ ደግሞ ሚረርለስ ይሸነፋል። ኒኮን ዲ750 በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ባትሪ 1,230 ፎቶ ሲያነሳ ሚረርለሱ ዜድ6 ግን 310 ነው የተጻፈለት። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃ በር ወይም ጨነቅ የምታድሪ ከሆነ ትርፍ ባትሪውን ከልብስሽ ውስጥ ሰውነትሽ ጋ ያዢው። አንቺም ሊቭ ቪው ከፍተሽ ከቆየሽ ባትሪሽ ቶሎ እንደሚያልቅ አትርሺ።

ዝናቡን በተመለከተ፣ 80ዲ ራሱ መጠነኛ መከላከያ አለው፣ 18-135ቱ ግን የለውም፤ ውሃ የሚገባው በሌንሱ በኩል ነው። ፌስታልና ላስቲክ ይበቃል፣ ጃንጥላ የሚይዝልሽ ሰው ካለ ደግሞ እሰየው። ሚረርለስ ላይ የሚያናድደኝ ነገር፣ ቪውፋይንደሩ ጋ ያለችው የዓይን ሴንሰር ላይ ጠብታ ካረፈ ካሜራው ዓይንሽን ያስጠጋሽ መስሎት ስክሪኑን ያጠፋዋል። ያንቺ ስክሪን ደግሞ ተች ስለሆነ ጠብታው ራሱ ሴቲንግ ሊቀይርብሽ ይችላል፤ ተቹን ዝጊው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢ ካሜራውን ከነቦርሳው ዘግተሽ አቆዪው፣ ወዲያው ከከፈትሽው ጤዛ ይይዘዋል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ብልጭታውን አይተሽ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሪ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ትሪፖዱን ትተሽ መኪና ውስጥ ግቢ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጪ። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል፣ ሰሜን ተራሮች እመት ጎጎ ገደል ጫፍ ላይ ትሪፖድ ተክሎ መቆም፣ እነዚህን በምንም ካሜራ አታድርጊ። ሜዳማ አገር፣ ለምሳሌ ዝዋይ ዳር፣ ደመናው ገና ሩቅ ሳለ ስለሚታይ ለጀማሪ ይሻላል።

ስለዚህ ገንዘቡን ጠንካራ ትሪፖድ፣ ኤንዲ ፊልተርና ሁለተኛ ባትሪ ላይ አውዪው። ከተረፈሽ ያገለገለ የካኖን 10-18 ሌንስ (ሰፊ እይታ የሚይዝ) ጨምሪ፤ ወደፊት ሚረርለስ ካኖን ብትገዢም በአዳፕተር (በማገናኛ) ይሠራልሻል። ኒኮን ቢሆን ኖሮ የድሮዎቹ፣ ሞተር የሌላቸው ሌንሶች አዳፕተሩ ላይ አውቶ ፎከስ ስለማይሠሩ ሌላ ምክር እሰጥሽ ነበር። የካኖኑን ሚረርለስ አር50 ልትገዢ አስበሽ ከሆነ ግን ተዪው፤ የዝናብ መከላከያ የለውም፣ ባትሪውም ካንቺው ያነሰ ነው።