መልስ፦ የዲኤንኤ ኦሪጋሚ በሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ለምን ይፈርሳል?

ሰላም ወንድሜ፣ በ12.5 ሚሊሞላር ማግኒዚየም በደንብ የታጠፈው ኦሪጋሚህ (ከዲኤንኤ ክሮች ታጥፎ የተሠራው ጥቃቅን ቅርጽ) 10 በመቶ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ባለው ማሳደጊያ ውስጥ እየፈረሰ ስለሆነ ማግኒዚየም ብጨምር ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። የታጠፉትን ክሮች አቀራርቦ የሚይዘው የማግኒዚየም እጥረት አንድ ነገር ነው፤ ዲኤንኤ የሚቆራርጡት የሴረም ኢንዛይሞች ደግሞ ሌላ።

መጀመሪያ ለያቸው። አንዱን ናሙና ሴረም ባለው፣ ሌላውን ሴረም በሌለው ማሳደጊያ ውስጥ በ37 ዲግሪ አቆይተህ በጄል (ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ ተስቦ በሚጓዝበት መለያ) አወዳድር። ያለ ሴረምም ከፈረሰ ጥፋቱ የጨው፣ ማለትም የማግኒዚየሙ ነው። ያኔ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ኢዲቲኤ የተባለውን ኬሚካልና ፎስፌትን ተጠራጠር፤ ከዲኤንኤው ጋር የተያያዘውን ማግኒዚየም ይነጥቁታል። ብዙ ሰው የማግኒዚየሙን መጠን ብቻ እያየ ይህን ይዘለዋል።

ለሁለቱም ችግር እኔ የምመርጠው በኦሊጎላይሲን (አጭር የላይሲን አሚኖ አሲድ ሰንሰለት) እና ከእሱ ጋር በተያያዘ ፒኢጂ (ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ፖሊመር) መሸፈንን ነው። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ላይሲን ከዲኤንኤው ፎስፌት ጋር ይጣበቃል፤ ፒኢጂው በውጭ በኩል ሆኖ ኢንዛይሙን ያርቃል፣ ኦሪጋሚዎቹ እርስ በርስ እንዳይጓጎሉም ያደርጋል። የላይሲን አሚንና የፎስፌትን ምጣኔ 1 ለ 1 አድርገህ ጀምር። የተሸፈነው ኦሪጋሚ በጄል ላይ እንደ ቀድሞው አይጓዝምና ፈርሷል ብለህ እንዳትጥለው! መጀመሪያ ሽፋኑን በዴክስትራን ሰልፌት (ላይሲኑን ወደ ራሱ በሚስብ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ፖሊመር) አስለቅቅ።

ሌላው መንገድ በ2018 የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው፦ በክሮቹ ጫፍ ቲሚን (ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱን) ጨምሮ በ310 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ማያያዝ። እንዲህ የተያያዙት እስከ 90 ዲግሪ ሙቀትና ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ውስጥም ሳይፈርሱ ቆይተዋል። ግን አዳዲስ ክሮች ማዘዝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሽፋኑን አስቀድመህ ሞክር።