ለሃርት አታክ ሕመምተኛ ኦክሲጅን መቼ ይሰጣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ሃርት አታክ ገጥሟቸው ሆስፒታል ሲገቡ ኦክሲጅን አልተደረገላቸውም። ቸል ተብለው ይሆን?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። ጣታቸው ላይ የተደረገው መለኪያ የደማቸው የኦክሲጅን መጠን 90 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን ካሳየ፣ የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ ኦክሲጅን በልማድ እንዳይሰጥ ይመክራል።

ጥያቄ፦ የልብ ጡንቻ የሚሞተው ኦክሲጅን አጥቶ ከሆነ፣ መጨመሩ እንዴት አይጠቅምም?

መልስ፦ እጥረቱ የመጣው ከሳንባ ሳይሆን በረጋ ደም ከተዘጋው የልብ የደም ቧንቧ ነው። ሳንባው ደኅና በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፣ ተራውን አየር በመተንፈስ ብቻ ሊሸከም የሚችለውን ኦክሲጅን ከሞላ ጎደል ስለሚይዝ፣ በጭምብል የሚጨመረው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ ጥቂት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የረጋውን ደም አልፎ አይሄድም። ይባስ ብሎ፣ ከመጠን ያለፈ ኦክሲጅን የልብን የደም ቧንቧዎች ስለሚያጠብ ወደ ጡንቻው የሚደርሰውን ደም ሊቀንሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ይህ በሕመምተኞች ላይ ተጠንቷል?

መልስ፦ አዎን። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የአውስትራሊያ ጥናት፣ የኦክሲጅን መጠናቸው ሳይጎድል በደቂቃ 8 ሊትር የተሰጣቸው ሕመምተኞች ከስድስት ወር በኋላ በኤምአርአይ ሲታዩ የልብ ጡንቻቸው ጉዳት ካልተሰጣቸው ይልቅ ሰፍቶ ተገኝቷል። በ2017 የታተመው የስዊድን ጥናት ደግሞ 6,629 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ኦክሲጅን ከተሰጣቸው 5.0፣ ካልተሰጣቸው 5.1 በመቶ ነበሩ። እኔ በስፋቱ የተነሳ ለሁለተኛው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ፤ ስለዚህ ኦክሲጅን ይገድላል ብዬ አላስፈራራም፣ ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅም አላየሁበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለማን ይሰጣል?

መልስ፦ መጠኑ ከ90 በመቶ በታች ለወረደ ሕመምተኛ፣ ለምሳሌ ልቡ ደክሞ ሳንባው ውኃ ለያዘ፣ ሳይዘገይ ሊሰጠው ይገባል። ሆኖም መለኪያው የቀዘቀዘ ወይም ቀለም የተቀባ ጣት ላይ ሊሳሳት፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛውን አተነፋፈስም በዓይኑ ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የኦክሲጅን ሲሊንደር አለን። ደረቱን ላመመው ሰው ወዲያው እንክፈትለት?

መልስ፦ በመጀመሪያ አምቡላንስ ይጥሩ። የተዘጋውን ቧንቧ የሚያስከፍተው ሕክምና ያለው ሆስፒታል ነውና ጭምብል በማስተካከል ጊዜ አያጥፉ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ሕመምተኛውን አስቀምጠው ያሳርፉት።