ለቪትዝ ጎማ ስንት ነፋስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው፣ ቪትዝ አለችኝ። ጎሚስታው «አዳማ ይሞቃል፣ 26 ይበቃሃል» ይለኛል። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ 44 ተጽፏል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። 44ቱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ ለመኪናህ የተመከረ አይደለም። የሹፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እይ፤ ለትንንሽ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። የምትለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነዳ ነው። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ መጥተህ ወዲያው ብታስለካ ጎማው ስለጋለ ቁጥሩ 4 ያህል ጨምሮ ታየዋለህ፣ ያኔ በፍጹም እንዳታስተነፍስ፣ ሲበርድ ጎድሎ ታገኘዋለህ። ደግሞ ይበልጥ የሚግለው ነፋስ ያነሰው ጎማ ነው፤ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋላ! በሙቀት ቀን የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። 26ቱን ዛሬውኑ አስተካክል።