ባለቤቴ በድራማው ሚስት ላይ የፈረደው በእኔ ላይ ይመስለኛል

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ደሴ ከተማ ውስጥ እንኖራለን። ማታ ማታ ቡና እየጠጣን ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ አብረን እናያለን። ባለቤቴ ድራማ ሲያይ ዝም ብሎ አያይም፤ «ይቺ ዓይነ ደረቅ!»፣ «ይበለው፣ የእጁን ነው ያገኘው!» እያለ በሁሉም ላይ ይፈርዳል። ከወር በፊት በድራማው ውስጥ ያለችው ሚስት ከባሏ ተደብቃ ለወንድሟ ገንዘብ ስትሰጥ አይቶ፣ «ወላሂ፣ እንዲህ ዓይነቷን በሌሊት ወደ መጣችበት መመለስ ነው» አለ። አማቴም «ሐቅህን ነው ልጄ፣ ቤት የሚፈርሰው እንዲህ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ከሱቄ ገቢ እቁብ እየጣልኩ ሐይቅ ለምትኖረው እናቴ የመድኃኒት ገንዘብ እልካለሁ፤ ባለቤቴ ይህን አያውቅም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ድራማው ሲጀምር ምክንያት ፈጥሬ ጓዳ እገባለሁ። ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ «ምንም» እላለሁ። አውቆ እየነካኝ ይሆን?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ ምስጢርዎን ለማወቃቸው በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ምልክት አላገኘሁም። እርስዎ ራስዎ እንደ ጻፉልኝ ባለቤትዎ ሴት ወንድ ሳይሉ በሁሉም ገጸ ባሕርያት ላይ ይፈርዳሉ፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር መካከል አንዱ ብቻ በልብዎ የቀረው እርስዎ የሚደብቁትን ነገር ስለ ነካ ነው። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖር ፊቱ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰው ፊት እንዲዋሹ የተደረጉ ተሳታፊዎች ከአድማጮቻቸው ግማሽ ያህሉ እንደሚነቁባቸው ሲገምቱ፣ በትክክል የነቃባቸው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ «አውቆብኛል» የሚለውን ስሜት እንደ ማስረጃ አይውሰዱት።

ባለቤትዎ ያን ከባድ ቃል እንዴት እንዲህ በቀላሉ ሊናገሩት ቻሉ ብለው ቢጠይቁ መልሱ በአብዛኛው በድራማው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ተመልካች በየምሽቱ የሚያያቸውን ሰዎች ከጊዜ በኋላ እንደ ጎረቤቱ ይቈጥራቸዋል፤ ይህን የአንድ ወገን ቅርበት ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ገልጸውታል። ነገር ግን እነዚህ ጎረቤቶች ሰምተው አይከፉም፣ ሽማግሌም አይልኩም፤ በመሆኑም ተናጋሪው ቃሉን አይመዝንም። በዚህ ላይ የሌላውን ሰው ጥፋት በባሕርዩ፣ የራሳችንን ግን በገጠመን ችግር የመተርጎም ልማድ አለን። ደራሲዎችም ይህን ልማድ ያውቁታል። ሚስትየዋ ገንዘቡን ከመሳቢያ ስታወጣ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ በሩ ዘወር ስትል ያሳዩናል፤ ወንድሟ ምን እንደ ገጠመው ግን ለመጪዎቹ ክፍሎች ያቈዩታል። ባለቤትዎ የፈረዱት መሳቢያውን አይተው እንጂ ምክንያቱን ሰምተው አይደለም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ምሽቶች በዚያች ሴት ላይ ያላቸው ሐሳብ ተለውጦ እንደ ሆነ እርስዎ አያውቁም፤ ጓዳ ነበሩና።

ይህን ስል ግን ንግግራቸው ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ለፌዝ የተወረወረ አስተያየትም ሰውየው የሚፈራውን ነገር ሊያሳይ ይችላል። እኔ ብሆን አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ባለቤትዎን ያስቈጣቸው ገንዘቡ መሰጠቱ ነው ወይስ መደበቁ? በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በእኛ በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም እናትን መጦር የውዴታ ግዴታው እንደ ሆነ ያምናል፤ ባለቤትዎም የገዛ እናታቸውን እቤታቸው አስቀምጠው የሚጦሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ለአማቱ መድኃኒት መገዛቱን ይቃወማል ብሎ መገመት ይከብደኛል፤ «አልታመንም ኖሯል» ብሎ ሊጐዳ መቻሉን ግን አልጠራጠርም። የእሳቸው እናት በእናንተ ቤት መኖራቸውን ግን እንደ መከራከሪያ አያንሡት፤ እውነት ቢሆንም በዚያ ሰዓት የሚሰማው እንደ ብድር ነው።

እንግዲህ የምመክርዎ ራስዎ እንዲነግሯቸው ነው። ቡናው መካከል፣ አማትዎና ልጆቹ ባሉበት አይሁን፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። መጀመር ከከበደዎ ድራማውን መግቢያ ማድረግ ይችላሉ፦ «ያቺ ሴት ለባሏ ነግራው ቢሆን ኖሮ እሺ ይላት ነበር ትላለህ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳያቋርጡ ያዳምጡ። «አንተ እኮ ያን ቀን እንዲህ ብለሃል» የሚል ክስ ግን ፈጽሞ አይግባበት። በድራማው እያሳበቡ ለሳምንታት ልባቸውን መፈተንም ሌላ ድብቅነት ስለሚሆን፣ በዚያው ምሽት ወደ ራስዎ ጉዳይ ይለፉ። «እናቴ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከእቁቤ እየላክሁላት ነው፤ ትከለክለኛለህ ብዬ ፈርቼ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ይህን ያህል ጊዜ መደበቄ ጥፋቴ ነው» ማለት ይበቃል። ስንት እንደሚልኩና ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ግማሹ ተነግሮ ግማሹ በኋላ ሲገኝ ከመጀመሪያው ይልቅ ያቈስላልና።

ባለቤትዎ መጀመሪያ ሊቈጡ ወይም ሊያኰርፉ ይችላሉ። ለዚያ ቦታ ይስጡ፤ በዚያው ሌሊት ይቅርታ እንዲያደርጉ አይጠብቁ። ሆኖም ከዚህ ቀደም እጃቸውን አንሥተውብዎ ወይም ከቤት አስወጣሻለሁ ብለው በእውነት አስፈራርተውዎ ከሆነ ከላይ ያልሁት ሁሉ አይሠራም፤ ብቻዎን ሆነው አይንገሯቸው። በዚያ ጊዜ አስቀድመው ለሚያምኑት የቤተሰብ ሽማግሌ ወይም በአካባቢዎ ላለው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያማክሩ።

ስለ ልጆቹም አንድ ቃል ልጨምር፤ በደብዳቤዎ ባያነሡትም እኔን ያሳስበኛል። ልጅ ከድራማው ታሪክ ይልቅ የአባቱን ፍርድ ይሰማል፤ «በሌሊት መመለስ ነው» ሲባል እዚህ ቤት ያጠፋ ሰው እንደሚባረር ይማራል። ነገሩ ከረገበ በኋላ ይህን ለባለቤትዎ በእርጋታ ቢያነሡላቸው ደግ ነው። እርስዎም ጓዳ ከመግባት ይልቅ አጠገባቸው ተቀምጠው «እስቲ ምክንያቷን እንስማላት» ቢሉ ልጆቹ ሌላ ድምፅ ይሰማሉ።

አማትዎ ያሉት የማታ ወግ ነውና አይቀየሙባቸው። የእቁቡ ነገር ለእሳቸው ይነገር አይነገር የሚለውን ከባለቤትዎ ጋር ተመካክራችሁ ወስኑ፤ ብቻ ከልጃቸው ቀድመው እንዳይሰሙት ይጠንቀቁ።