ወንድም ኑዛዜውን አላሳይም ሲል

«ወንድሜ የአባታችንን ኑዛዜ አላሳይም ቢል፣ የማየት መብት አለኝ?» ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ የማየት መብት አለዎት። ፒያሳ ይኖሩ የነበሩት አባትዎ ያወረሱትን የሚገልጸውን ወረቀት ታላቅ ወንድምዎ «አደራ ነው» ብለው ቢደብቁትም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ኑዛዜ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ሞቱን እንዳወቀ ለውርስ አጣሪው፣ ማለትም የሟቹን ንብረትና ወራሾች ለሚያጣራው ሰው፣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ የሞትና የልጅነት ማስረጃዎን አያይዘው፣ አጣሪ እንዲሾምና ወንድምዎ ኑዛዜውን እንዲያቀርቡ እንዲታዘዙ ለፍርድ ቤት ያመልክቱ። ኑዛዜው ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ዘንድ ተመዝግቦ ከሆነም ቅጂው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ይጠይቁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። ሽማግሌዎች ፊት ሲነበብ ሰምተው ብቻ አይመለሱ፤ ቀኑን፣ የአባትዎንና የምስክሮቹን ፊርማ ገጽ በገጽ ይመልከቱ። ኑዛዜው ሲከፈት ከነበሩና መቃወም ካሰቡ፣ ተቃውሞዎን በ15 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለብዎት፤ «እስከ ሰማንያው እንታገሥ» ተብለው በይሉኝታ ጊዜው ያለፈባቸውን ልጆች አይቻለሁ።